ጳጉሜ የሌለችበት መዝገብ

ኅዳር 5 ቀን 1971 ዓ.ም.

ጠዋት የቢሮው መስኮት በውርጭ ተጣብቆ አልከፈት አለኝ። በመዶሻ መታሁት። ተከፈተ። ከኔ ጋር እልህ የሚጋባ መስኮት!

ፋይሎቹን ከቤቴ አጓጉዤ ጨረስኩ። የመጨረሻው ሸክም ዛሬ ገባ። ሚሊሺያዎቹ ግቢውን ሰፈር ሲያደርጉት፣ የጤና ረዳት ማሠልጠኛው ተዘግቶ ተማሪው ወደየአገሩ ሲበተን፣ ያ ሁሉ ፋይል የእሳት ማቀጣጠያ ሊሆን ነበር። ማነው ያወጣው? እኔ። በአህያ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ አልጋዬ ሥር ፋይል አስተኝቼ ኖርኩ። አይጥ እንዳይበላው ብዬ ድመት ሁሉ አሳደግኩ። ክረምት ላይ ሚሊሺያው ለቅቆ ቢሮው ለምዝገባ ሲከፈት ነው ፋይሉን መመለስ የጀመርኩት። ማን አበጀሽ አለኝ? ማንም።

አዲሱ ኃላፊ ጓድ ገብረአብ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«የትምህርት ደረጃሽ ስንት ነው?»

«ጽዳት ሆኜ ነው የገባሁት። የሚጣለውን ወረቀት እያነበብኩ ነው መዝገብ ቤት የደረስኩት። ፊደል የቆጠርኩት በሰው ፋይል ነው፣ ጓድ።»

«ሰርተፊኬት ማለቴ ነው።»

«የለኝም።»

ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላሳየኝም። አባቴ የአንኮበር ቄስ... ወንዶቹን አስተማረ፣ እኔን ውኃ አስቀዳ። ይኸው አሁን ደግሞ ለዚህ ልጅ መልስ የምሰጠው እኔ።

ኅዳር 8

ሰርኩላር መጣ። ጓድ ገብረአብ ሰብስቦ ቆሞ አነበበልን። መንግሥት እያበላ እያስተኛ ያስተምራቸው የነበሩትና ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ተማሪዎች፣ 1970 ከማለቁ በፊት ራሳቸው መጥተው «እመለሳለሁ» ብለው ከተመዘገቡ ይቀጥላሉ። አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ የመጣ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። በቃ።

«መዝገቡ ይታመናል?» አለኝ። በሰው ፊት!

«በኔ መዝገብ ስህተት ካገኙ እጄን ይቁረጡት» አልኩት።

ዘበኛው ጋሼ ወልደተንሣኤ ከበሩ ላይ ሆኖ አጨበጨበልኝ። ሽማግሌው ጠብ ያለ ሲመስለው ደስ ይለዋል።

ዝርዝሩን በሁለት ወረቀት አወጣሁ። በወቅቱ የመጡ አንድ፣ የዘገዩ አንድ። እስከ ነሐሴ ያለው ወዲህ፣ ከመስከረም ወዲያ ያለው ወዲያ። በግማሽ ቀን! ጳጉሜ እንደሆነች አታስቸግረኝም። የታተመው መዝገብ ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው ያለው፣ ለጳጉሜ ገጽ አልሠሩላትም። ደመወዝም የላትም። ደመወዝ በሌለው ወር ብዕር አላነሳም፣ ይህን አገር ያውቀዋል። የጽዳት ደመወዝ እየከፈሉኝ የመዝገብ ቤት ሥራ ሲያሠሩኝ ስንት ዓመት ሆነ? ስድስት። እና ጳጉሜ የኔ ናት። በጳጉሜ የመጣ ወረቀት ካለ የብስኩት ጣሳዬ ውስጥ ይቆያል። መስከረም ስከፍት ይገባል።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ከተማው በሙሉ ጭስ በጭስ። እኛም ግቢ ውስጥ ቆሻሻ ከምረን ለኮስን። ሚሊሺያ የተወው የሳር ፍራሽ፣ የተሸነቆረ ጫማ፣ ምን ያልነበረ አለ! እኔ ወደ መዝገብ የተገለበጠውን ብጣሽ ወረቀት ሁሉ ጨመርኩበት። የጣሳዬንም። ጣሳዋ ባዶ ስትሆን እንዴት ታምራለች! ስኳር አደርግባታለሁ።

ጋሼ ወልደተንሣኤ «ወረቀት ምን አደረገሽ? ተይው» አለኝ።

«ተመዝግቧል እኮ! ምን ያደርግልኛል?»

ዓይኔን አቃጥሎት እስከ ማታ አለቀስኩ። በጭሱ።

ኅዳር 14

ዝርዝሩ ተለጠፈ። ግቢው ሰው ሆነ። ደስ አይልም ብል ውሸት ነው። አንድ ቀጮ ልጅ ስሙን አግኝቶ ዘለለና፣ «እትዬ አስካለ፣ ምሳ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ገና ስምህን ስታይ ሆድህ ጮኸ?»

«እትዬ፣ አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ሲጮኽ ነው የቆየው!»

ሳቅን።

ከዚያ ጠይባ መጣች። የአልዩ አምባዋ ልጅ፣ የነጋዴው የዓወል ልጅ። የጤና ረዳትነቱን ልትጨርስ አንድ መንፈቅ ሲቀራት ነው ትምህርቱ የተቋረጠው። ዝም ያለች ልጅ፣ ጽሑፏ ደግሞ እንደ ማተሚያ።

«እትዬ፣ ስሜ በወዲያኛው ወረቀት ላይ ነው።»

«ዘግይተሻላ።»

«አልዘገየሁም። ጳጉሜ ነው የመጣሁት። ኢድን ቤት ውዬ፣ ከኢድ በአራተኛው ቀን።»

«መዝገቡ መስከረም 4 ይላል። ፊርማሽም አለበት። ይኸው!»

«መስከረም ሲከፈት ተመለሺና ፈርሚ ያሉኝ እርስዎ ነዎት እኮ።»

እንዴት እንደጮኽኩባት... «በኔ ልታሳብቢ ነው? ሰው ሁሉ ሲደርስ አንቺ የት ነበርሽ?» ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ልጅቷ ሄዳ በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ሽሮዬን ሳማስል ነው የመጣልኝ። ማማሰያው እጄ ላይ ቀረ። ሩፋኤል ነበር... ጳጉሜ 3። ልጆቹ ዝናቡ ውስጥ እየዘለሉ «ሩፋኤል አሳድገኝ» ይላሉ። እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። አንዲት ልጅ ሻሿ ራሷ ላይ ተጣብቆ፣ ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛ መጣች። ወረቀቱ ደረቅ፣ እሷ ብስብስ። «በጳጉሜ አልጽፍም» አልኳት። «መስከረም ተመለሺ።» እሺ አለች። ጣሳ ውስጥ ከተትኩት። መስከረም 4 መዝገቡን ስከፍት ቀኑን የዚያኑ ዕለት አደረግኩት። እንደ ሁልጊዜው።

ስንት ዓመት እንደዚያ አድርጌ ማንም አልተጎዳም። አልተጎዳም? ማን ሄዶ አየ?

ወረቀቷን ደግሞ በኅዳር ሚካኤል አቃጠልኩት። በገዛ እጄ።

ኅዳር 15

ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሂስና ግለ ሂስ። ግለ ሂስ ላይ ሁሌም አፌ ይያዛል፣ ሂስ ላይ ግን የሚስተካከለኝ የለም። የግምጃ ቤቱን ሰው ዘርአ ዳዊትን ያዝኩት። አራት ብርድ ልብስ ቆጠራ ላይ ጎድሎበታል። «ሰፊው ሕዝብ ይበርደዋል፣ ጓድ ዘርአ ዳዊት በቸልተኝነት ያንቀላፋል! ይህ ቸልተኝነት አይደለም፣ ይህ አሻጥር ነው!» ጭብጨባ። ጓድ ገብረአብ ሳይቀር አጨበጨበ። ዘርአ ዳዊት ላቡ ሲወርድ አየሁት... በዚህ ብርድ።

በመስኮት ድንጋዩ ይታያል። ልጅቷ እዚያው ነበረች።

ኅዳር 18

ጋሼ ወልደተንሣኤ ዘንድ ሄድኩ። ነገር ሳላበዛ።

«ጋሼ፣ ጳጉሜ ላይ የገባ ሰው ትዝ ይልሃል?»

«እኔ በትዝታ አልሠራም። በደብተር ነው።»

ከጋቢው ውስጥ አወጣው። የበሩ ደብተር። የቤተ ክህነት ሰው ነው፣ እጅ ጽሑፉ ቀጥ ያለ። ጣቱን እያስኬደ ፈልጎ አሳየኝ። «ጳጉሜ 3 ቀን 1970፣ ሩፋኤል። ጠይባ ዓወል፣ ከአልዩ አምባ፣ ለምዝገባ። 4፡20 ገባች። 4፡35 ወጣች። ዝናብ።» ከታች ደግሞ መስከረም 4፣ ያችው ልጅ፣ «ለፊርማ»።

«አንተ በጳጉሜም ትጽፋለህ?»

«በጳጉሜ ሰው አይገባም እንዴ?»

«ደመወዝ የላትም እኮ!»

«በሩ ግን አለ።»

ዓይኔን አየኝ። ገባው። ሽማግሌ እንዲህ ሲያይ አልወድም።

«ለጓድ ገብረአብ ላሳየው?»

«ተወው። እኔው እነግረዋለሁ።»

«መቼ?»

«እነግረዋለሁ አልኩህ!»

ደብተሩ ያድናታል። ያው ደብተር ግን እኔን ይገድለኛል። «ለምን በጳጉሜ አልጻፍሽም?» ቢሉኝ ምን ልል ነው? አኩርፌ? መንግሥት ላይ? በዚህ ዘመን አኩርፌ ነው ብሎ የዳነ ማነው? ደግሞ ሰርተፊኬት የለኝም። ከዚህ ቢሮ ብወጣ ምንድን ነኝ? መጥረጊያ።

ኅዳር 20

አባትዮው መጣ። አቶ ዓወል። ከአልዩ አምባ አንኮበር ድረስ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ፣ ከዚያ በጭነት መኪና። አንድ ዘንቢል ሎሚ ይዟል። ለአቤቱታ መስሎኝ አፌን ስዬ ጠበቅኩት።

«እመቤት፣ ላስቸግርዎ አልመጣሁም» አለ። «የመንግሥትን ነገር አውቃለሁ፣ ቀን ካለፈ አለፈ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ልጄ እዚህ ቢሮ የደረሰችው መቼ ነው?»

«ለምን ፈለጉት?»

«ከቤቴ የወጣችው ጳጉሜ 2 ነው። የተመለሰችው መስከረም 6። ጳጉሜ 3 ደርሻለሁ፣ መስከረም ፈርሚ ስለተባልኩ ጓደኛዬ ዘንድ ቆየሁ ትላለች። አሁን መስከረም 4 ነው የመጣችው ይሉኛል። እንዲያ ከሆነ ያን ሁሉ ቀን የት ነበረች? አባት ነኝ። ሴት ልጅ ናት። ገበያው ወሬ አያሳድርም።»

ጠይባ ከኋላው ቆማለች። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። አልለመነችኝም። የሚያውቁትን ሰው እንደሚያዩት ነው ያየችኝ... እንደምናገር እርግጠኛ ሆና።

በዚያው ጓድ ገብረአብ ብቅ አለ። «ምንድን ነው ጓድ አስካለማርያም?» በሩ ላይ ቆመ።

«መዝገብዎ ምን ይላል?» አለ አቶ ዓወል።

«መዝገቡ መስከረም 4 ይላል።»

አልዋሸሁም። መዝገቡ ይላል። ይላል እኮ!

አቶ ዓወል «አላህ ይስጥልኝ» አለ። ቀስ ብሎ ዞሮ ልጁን አያት። እሷ ግን እሱን አላየችም። እስከ መጨረሻው እኔን ነበር የምታየው።

ሎሚውን ትቶት ሄደ።

ኅዳር 21

ዛሬ ድንጋዩ ላይ ማንም የለም።

ኅዳር 26

ዝርዝሩ ታሽጎ ወደ በላይ ሄደ። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ቦታውን ሳተብኝ። ጓድ ገብረአብ «ብርዱ ነው?» አለኝ። «ብርዱ ነው» አልኩት። እሳት አስመጣልኝ! ደግ ሊሆንብኝ ነው ደግሞ? ክፉ ቢሆን እንዴት ይቀለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 2

ትምህርት ተጀመረ። ግቢው ጫጫታ ብቻ። ቀጮው ልጅ ምሳውን ሁለት ጊዜ ሊበላ ተሰልፎ ተያዘ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስስቅ እውል ነበር።

ተማሪ ልቆጥር የሴቶቹ ማደሪያ ገባሁ። ጠይባ ትተኛበት በነበረው፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ከጠባሴ የመጣች፣ ምንም ያላጠፋች። ስሟን ስትነግረኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። አልያዝልኝ አለ።

ሎሚው መድረቅ ጀምሯል። አልበላሁት፣ አልጣልኩት።

ምን ነበር የሚያስፈራኝ? ቢሮዋ? አራት በአራት ክፍል፣ የሚያፈስ ጣራ... ስድስት ዓመት ሙሉ የኔ ናት አልኩ። ጠይባ ያን ሳምንት የት እንዳደረች አባቷ ሲጠይቃት የኔን ስም ትጠራ ይሆን? ትጥራ። ማን ያምናታል? መዝገቡን የያዝኩት እኔ።

ታኅሣሥ 6

ዓርብ። ሂስና ግለ ሂስ።

ጓድ ገብረአብ «ግለ ሂስ ያለው?» አለ። እንደ ወጉ ሁሉም ጫማውን አየ። እጄን አነሳሁ። ዘርአ ዳዊት ደነገጠ፣ ደግሞ ልትይዘኝ ነው ብሎ። ቆምኩ። ቤት ውስጥ ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር! ደመወዜ፣ ልፋቴ፣ አህያው፣ ድመቷ... ሁሉም ጠፋብኝ።

«ጠይባ ዓወል ጳጉሜ 3 መጥታለች፣ በጳጉሜ አልጽፍም ብዬ መስከረም 4 ያልኩት እኔ ነኝ። አባቷ ሲጠይቀኝም ደብቄያለሁ» አልኩና ተቀመጥኩ።

ጋሼ ወልደተንሣኤ ከኋላ ተነሳ። ደብተሩን ገጹ ላይ ገልጦ ጓድ ገብረአብ ፊት አስቀመጠው። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ለምንድን ነው በጳጉሜ የማትጽፊው?»

«አኩርፌ።»

«ይህ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ባለፈው ጓድ ዘርአ ዳዊትን እኔው ራሴ ብዬዋለሁ።»

ዘርአ ዳዊት ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ራሱን ደፋ።

ታኅሣሥ 10

አላሰሩኝም። ሦስት ቀን ጓዜን አስሬ ጠበቅኩ፣ ድመቷን ለጎረቤት አደራ ብዬ። ዛሬ ጓድ ገብረአብ ጠራኝ።

«ቃለ ጉባኤው ላይ ‹ቸልተኝነት› ብዬዋለሁ» አለ። «ሌላውን ቃል አልጻፍኩትም። ገባሽ?»

ገባኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ግን መዝገብ ቤቱን ታስረክቢያለሽ። አልታየች የምትባል ልጅ ትመጣለች፣ ሰርተፊኬት አላት። አንቺ ቀን ቀን በሩ ላይ ትሆኛለሽ። ጋሽ ወልደተንሣኤ ወደ ማታው ይዞራል።»

«ልጅቷስ?»

«ወደ በላይ ጽፌያለሁ። መልሱን መጠበቅ ነው።»

ማመስገን ነበረብኝ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። እንዲህ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ጥር 16

መልስ መጣ! «ማስረጃዋ ስለተረጋገጠ ትምህርቷን እንድትቀጥል።» ሦስት መስመር። በሩ ላይ ቆሜ ዘለልኩ፣ እንደ ቀጮው ልጅ። አልታየች «በፖስታ ይላክ» አለች። የምን ፖስታ! እኔ ነኝ የምወስደው አልኩ። ጋሼ ወልደተንሣኤ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። «አባትዮው ይየው» አለኝ።

ጥር 20፣ አንኮበር

ትናንት ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ። ቁልቁለቱ ጉልበቴን ጨረሰው። ታች ሲደርሱ ሙቀቱ! ጋቢዬን በራሴ ተሸክሜ ገባሁ። ልጅ ሆኜ አባቴ ዘንድ ስኖር ከላይ ሆኜ አየው ነበር፣ ወርጄ አላውቅም።

አቶ ዓወል ሱቁ በር ላይ ነበር። ሲያየኝ ተነሳ። ወንበር አወጣልኝ፣ ውኃ ሰጠኝ። ሳልጠጣ ደብተሩን ፈታሁ።

«አማርኛ ማንበብ አልችልም፣ ቁርአን ነው የቀራሁት» አለ። «እርስዎ ያንብቡልኝ።»

አነበብኩለት። ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል። ጠይባ ዓወል። 4፡20 ገባች። 4፡35 ወጣች። ዝናብ።

«ይድገሙልኝ።»

ደገምኩለት።

«ከዚያ በኋላ የቆየችው እኔ ጠብቂ ስላልኳት ነው» አልኩት። «ጓደኛዋ ዘንድ ነበረች። ያን ዕለት ጠይቀውኝ ነበር፣ አውቅ ነበር። አልነገርኩዎትም። ይኸው ደብዳቤዋ፣ ትመለስ ብለዋል።»

ደብዳቤውን ተቀበለኝ። በእጁ ያዘው እንጂ አላየውም።

«ጠይባ የለችም» አለ።

«ወዴት ሄደች?»

«አሰብ። አክስቷ ዘንድ። ያንን ቀን ጠየቅኋት። አንዴ ነገረችኝ። ሁለተኛ ስጠይቃት ‹መዝገቡን አይደል ያመንከው፣ እሱን ጠይቀው› አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለእኔ ቃል አልተነፈሰችም። ታኅሣሥ 7 ተነሳች። ቅዳሜ። እኔም አላስቀረኋትም።»

ታኅሣሥ 7... እኔ ዓርብ፣ ታኅሣሥ 6 ከሰዓት ነው የተናገርኩት። ሳምንት ቀድሜ ብናገር... አልያም ያን ቀን ጋቢዬን ለብሼ ቀጥታ ብወርድ... ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ ይመጡና ያስሩኛል እያልኩ እጠብቅ ነበር። ስለ ራሴ።

ከውስጥ እናቷ ሰሊሃ ድምጿ ይሰማል፣ ዕቃ ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። አልወጣችም። አልፈርድባትም።

«ይስደቡኝና ልሂድ» አልኩት።

«ምን ብዬ ልስደብዎት? እርስዎ መጥተዋል። እኔ የልጄን ቃል ትቼ የወረቀት ቃል ይዤ የገባሁ ሰው ነኝ።» ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ደብተሩን ይተዉልኛል? ለጠይባ እንድልክላት...»

«የበሩ ደብተር ነው፣ መመለስ አለብኝ። ገጹን ግን እገለብጥልዎታለሁ።»

ሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጬ ገለበጥኩት። ቃል በቃል፣ ዝናቡን ጭምር። ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ወደ አሰብ ለሚሄድ ነጋዴ ከደብዳቤው ጋር አብሮ እንደሚሰጠው ነገረኝ። «በሽር የሚባል አለ፣ ይወርዳል» አለ። መቼ እንደሚወርድ አላወቀም።

ዳገቱን ስወጣ አልተናገርኩም። የሚሰማኝ ሰው ስለሌለ አይደለም፣ እኔ ለራሴም አወራለሁ።

መጋቢት 3

አንድ አንኮበሬ ነጋዴ በበሩ ሲያልፍ ጠየቅኩት። በሽር ወርዷል። አልተመለሰም።

ሰኔ 29

ተማሪዎቹ ጨረሱ። ፎቶ ተነሱ። ቀጮው ልጅ በሩ ላይ አቅፎ ሳመኝ። «እትዬ፣ እርስዎ ባይኖሩ ፋይላችን አመድ ነበር» አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ቃል! አልተዋጠልኝም። የጠባሴዋ ልጅ በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ አንጥፋ፣ አስተካክላ ለቀቀችው።

ነሐሴ 30

ደመወዝ ወጣ። ጋሼ ወልደተንሣኤ «እንግዲህ ጳጉሜሽ መጣች፣ ትተኛለሽ» አለኝ እየሳቀ። «ወግድልኝ!» አልኩት። ደብተሩ ላይ ማስመሪያ አድርጌ ለጳጉሜ ገጽ አሰመርኩ። ዘንድሮ ስድስት ቀን ናት። ስድስት ቀን ያህል ቦታ ተውኩ።

ጳጉሜ 3

ዝናብ። ልጆቹ ይጮኻሉ።

ጠዋት ሁለት ተማሪዎች ለአዲሱ ዓመት ሊመዘገቡ መጡ። አስገባኋቸው። ብዙ ሳይቆዩ ተመልሰው ሊወጡ ሲሉ ያዝኳቸው።

«ምን ሆናችሁ?»

«መስከረም ተመለሱ አሉን።»

«ማን?»

«ውስጥ ያለችው እህት። መዝገቡ የጳጉሜ ገጽ የለውም አለች።»

አልታየች ዘንድ ገባሁ። ልጮኽ ነበር የገባሁት። መዝገቡን ገልጣ አሳየችኝ፣ ያንኑ፣ ነሐሴ፣ ከዚያ መስከረም። «የት ልጻፈው እትዬ?» አለችኝ። እውነቷን ነው የጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልጩኽባት? ያንን መዝገብ ስድስት ዓመት እንደዚያው ያኖርኩት እኔ ነኝ።

ማስመሪያዋን ወሰድኩ። የነሐሴ መጨረሻ ላይ በቀረው ባዶ ቦታ መስመር አወረድኩላት። ከላይ «ጳጉሜ» ብላ እሷው ጻፈች። ጽሑፏ ከኔ ይሻላል። ልጆቹ ገብተው ፈረሙ።

ጳጉሜ 6

የዓመቱ መጨረሻ። ማንም አይሠራም። ዘርአ ዳዊት በግ ሊገዛ ወጥቷል፣ አልታየች ከምሳ በኋላ ቀረች። ጓድ ገብረአብ ሲወጣ መኪናውን አቁሞ፣ «ዝጊውና ሂጂ እንጂ፣ ማን ይመጣል ብለሽ ነው?» አለኝ። «የሚመጣ ሰው ካለ» አልኩት። ትንሽ አየኝ። ነዳው።

ከአንኮበር በኩል የመጣ ጭነት መኪና 8፡10 ላይ አለፈ። ቆሜ አየሁት። ፍሬን ያዘ መሰለኝ። ለጉድጓድ ኖሯል።

ድንጋዩ ረጥቧል። ጆንያ አነጠፍኩበት፣ የሚቀመጥ ሰው ካለ።

11፡30 ላይ በሩን ዘጋሁ። ደብተሩ ላይ፣ «ጳጉሜ 6 ቀን 1971። ካፊያ። የገባ የለም።»

ፈረምኩበት።